እንትፍ ያልተባለላት ልጅ

ደባርቅ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወርቄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ሕፃኗ ሊድያ እንዴት ናት? የቤትሽ ሰውስ ደኅና ነው? እኔ እግዜር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከብርዱና ከእርጅናው በቀር የምከሰው ነገር የለኝም።

አራት ጊዜ ደውለሽ አላነሳሁም። ለጎረቤቴ ለዙሀራም ደውለሽ «አባየ ምን ሆነው ነው?» ብለሻታል። ምንም አልሆንሁ። ስልክ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ጆሮዬንም ያሳክከኛል፤ ደብዳቤ ይሻላል። ሰው ደብዳቤ ረጋ ብሎ ይጽፋል፣ ረጋ ብሎ ያነባል። በእህል መጋዘን ደመወዝ ፊደል ያስቆጠርሁሽ ለዚህም አይደል?

ስለ ክርስትናው ቀን ለጠየቅሽው፤ ቶሎ የወጣሁት ሾፌሩ ደርቤ ኢሱዙውን አስነስቶ ስለነበር ነው። ሊማሊሞን በቀን ካልወጣ እንደማይሆንለት ታውቂያለሽ። ድግሱ ጥሩ ነበር፣ ጠላውም ጥሩ ነበር። እንጀራውን ያልጨረስሁት ስላልጣመኝ አይደለም፤ ጠግቤ ነው የሄድሁት። ዳቦውንም በኪሴ የከተትሁት መንገድ ላይ ልበላው ብዬ ነው እንጂ ንቄ አይደለም።

ሕፃኗን ታቅፌ ዝም ማለቴም እውነት ነው። በሆዴ መርቄያታለሁ። ምርቃት የግድ ሰው ፊት፣ የግድ እንትፍ ተብሎ ነው ያለው ማን ነው? እግዜር የሆድን ይሰማል። ለአማትሽም እንዲህ ብለሽ ንገሪያት። ነገር ማብዛት አያስፈልግም።

ይህን በደርቤ ልኬዋለሁ፤ መልሱንም በሱ ላኪልኝ። ወረቀቶቹ ስስ ናቸውና ቀስ ብለሽ ግለጪያቸው። ወረቀት መግዛት ትቻለሁ። አንድ ጎኑ ባዶ የሆነ ነገር ቤት ውስጥ ሞልቶ ምን አባከነኝ?

አባትሽ እንግዳው


ዛሪማ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባየ፣

ጉልበትዎን ስሜ እንዴት ሰነበቱ እላለሁ። እኔና ያርጋል ደኅና ነን። ሊድያም ትጠባለች፣ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ደስ አለኝ፤ ሳነበው ከፋኝ፤ ደግሜ ሳነበው ግራ ገባኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ከእርስዎ ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም። ድምፅዎን ብሰማ ነበር የምወድ።

ፖስታው ደግሞ በጧፍ ሰም ተለጥፎ ነው የመጣው። እርስዎ ፖስታ በምላስዎ አርጥበው በአውራ ጣትዎ ሲጫኑት ነው የማውቀው። መጋዘን ሳሉ የወሩን ሪፖርት ሲያሽጉ አጠገብዎ ቆሜ አይ ነበር። ሰው ከፍቶት መልሶ አሽጎት ይሆን ብዬ ደርቤን ብጠይቀው ተቆጣኝ። «አባትሽ ራሳቸው ናቸው ሰም ያንጠባጠቡበት፤ እኔ ምን አገባኝ?» አለ።

አባየ፣ ይቅርታዎን እየለመንኩ አንድ ነገር ልናገር። ደባርቅ ውስጥ እርስዎ ያልመረቁት ልጅ ማን አለ? የማይዛመዱን ሰዎች እንኳ ልጆቻቸውን አምጥተው፣ እርስዎ ግንባራቸው ላይ እንትፍ እንትፍ ብለው ነው ያደጉት። የኔን ልጅ ግን ታቅፈው፣ ሰው ሁሉ አሜን ሊል እጁን ዘርግቶ ቆሞ ሳለ፣ አፍዎን ከፍተው ዘጉት። ከዚያ አጠገብዎ ለነበረችው ሴት አቀበሏትና ወጡ። ያ ሁሉ ሰው የዘረጋውን እጅ የት ያድርገው? እኔስ ፊቴን የት ልደብቀው?

አማቴ «ልጅቱ እንትፍ ያልተባለላት ናት» ትላለች። ባስነጠሳት ቁጥር ትለዋለች። እኔም አልሰማም እያልኩ እሰማታለሁ። የመጀመሪያው በሆዴ ሳለ እንደወጣብኝ ያውቃሉ። ይህችን በስንት ስለት ነው ያገኘኋት።

ያርጋል ሽማግሌ ሳይልክ አብሬው በመሄዴ አሁንም ቂም ይዘውብኝ እንደሆነ በግልጽ ይንገሩኝ። የሰው ሁሉ ሽማግሌ ሆነው ኖረው የገዛ ልጅዎ ያለ ሽማግሌ ስትሄድ ምን እንደተሰማዎት አላጣሁትም። ግን ኅዳር 2016 ሽማግሌዎቹ መጥተው ይቅር አላሉንም? እኔንስ መርቀውኝ አልነበር? ወይስ ይቅርታው ከአፍ ብቻ ነበር? ደብዳቤዎ ላይ የያርጋልን ስም እንኳ አልጻፉትም።

ዙሀራ ደግሞ በጾም ሰዓት ከኮዳ ሲጎነጩ አየሁ አለችኝ። እርስዎ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምሱ ሰው ነበሩ። ኮዳው ውስጥ ምንድን ነው ያለው?

ልጅዎ ወርቄ


ደባርቅ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወርቄ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናችሁን ደርቤ ነግሮኛል፣ ተመስገን ብያለሁ።

ኮዳው ውስጥ ውሃ ነው። አረቄ መሰለሽ? በሰባ ሦስት ዓመቴ ሰካራም ልሁንልሽ? ዙሀራ ደግ ጎረቤት ናት፣ ምላሷ ግን አጥር የለውም። ራሷ ሮመዳን ይዛ፣ ከጧት ጀምሮ ውሃ ሳትቀምስ፣ ከደንበኛ ጋር ስትከራከር ትውላለች፤ አፏ አይደርቅ፣ ድምፅዋ አይሰለብ። እኔ ጾሜን እያፈረስሁ፣ ኮዳ ይዤ እየዞርሁ፣ አንድ ወሬ ጀምሬ አልጨርስም። ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ይጣበቃል። ይህን ልጽፍልሽ አልነበረም። አሁን እንዳልሰርዘው ወረቀቱ ስስ ነው፣ ይቀደዳል። ይሁን።

ጥርሴም ተሰብሯል፣ አንዲት መንጋጋ ናት። አፌን ታርጥብልኝ ብዬ ከረሜላ ስመጥ ከረምሁና ተቦረቦረች። ዳቦም ሻይ ውስጥ እየነከርሁ ነው የምበላ፤ ድርቆሽማ እርም ብያለሁ። ሽማግሌ ሰው እንዲህ ነው፣ ምኑ ይገርማል?

የእድሩ ስብሰባ ሲያልቅ እንደ ልማዱ «ጋሽ እንግዳው ይመርቁን» አሉ። ለሌላ ሰው አሳለፍሁ። ባለፈው ወርም እንዲሁ አሳልፌያለሁ። አንድ ጎባጣ ሽማግሌ ተነሥቶ ሲመርቅ እኔ አቀርቅሬ አሜን አልሁ። ምራቁን የዋጠ ሰው እያሉ ነበር የሚጠሩኝ፤ አሁን ምኑን ልዋጥ?

ቂም የለኝም፣ ወርቄ። በማርያም ስም እልሻለሁ፣ በአንች ላይ ቂም የለኝም። ስለ ቀረው ግን አትጠይቂኝ። ልጅቱን ሌላ ሽማግሌ እንትፍ ይበልላት፤ ዛሪማ ደኅና አፍ ያለው ሽማግሌ አያጣም። እኔ አልልም። ለሷ ብዬ ነው የማልል። ከዚህ በላይ ብታስጨንቂኝ መጻፉንም እተወዋለሁ።

አባትሽ እንግዳው


ዛሪማ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባየ፣

እንዴት ሰነበቱ? ቢቆጡም ልጽፍ ነው። ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ትናንት ያርጋል ከትምህርት ቤት ሲመጣ ደብዳቤዎችዎን ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው አገኛቸው። እኔ የእርስዎን ጽሕፈት እንጂ ጀርባውን አይቼው አላውቅም። እሱ መምህር አይደል፣ የተጻፈ ነገር አይቶ አያልፍም፤ ከጀርባ ያለውን እንግሊዝኛ ቁጭ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ከክኒን ፓኮ ውስጥ ተጣጥፎ የሚወጣው ወረቀት ነው። ሁለት ደብዳቤ፣ ሦስት ወረቀት፤ ሦስቱም የተለያየ መድኃኒት። «አንዲት የግፊት ክኒን ናት» አላሉኝም ነበር?

አንደኛው የግፊት ነው። ሁለተኛው ለሚያሳክከውና ለሚያስነጥሰው ሰው ነው። ሦስተኛውን ያርጋል ደጋግሞ አነበበው። «ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ቆይ» አለኝ። ለምኜው ነው የነገረኝ። መንፈሱ ለተጨነቀ፣ ኑሮ ለጨለመበት ሰው የሚሰጥ መድኃኒት ነው አለ።

አባየ፣ ስልክ የማያነሱት፣ የማይበሉት፣ የእድሩን ምርቃት ለሌላ ያሳለፉት ለዚህ ነው? ሊድያን ያልመረቁት ልብዎ ታሞ ነው? ያሳመምኩዎት እኔ ነኝ? ያርጋል «ቸኩለሽ አትደምድሚ» ይላል፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ደግሞ «ለሷ ብዬ ነው የማልል» ያሉት ነገር ከሁሉም አስፈራኝ። የአያቷ ምርቃት ልጄን ምን ያደርጋታል ብለው ነው?

እሷም ሰሞኑን ለሃጯ አልቆም ብሏል፤ የለበሰችው ሁሉ ደረቷ ላይ ርሶ ይውላል፣ አገጯም ሽፍ አለ። አማቴ ከንፈሯን ትመጣለች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እባክዎ ይንገሩኝ።

ልጅዎ ወርቄ


ደባርቅ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለወርቄ፣

ሰላም ለአንች ይሁን፣ ሰላም ለሕፃኗ።

አላበድሁም፣ አይዞሽ። ያች ክኒን የእግሬ ናት። ማታ ማታ የውስጥ እግሬ ፍም እንደረገጠ ሰው ያቃጥለኝ ነበር። ጎንደር የታየሁ ጊዜ ሐኪሙ «ለሐዘንም ትሰጣለች፣ ለእንዲህ ያለ ማቃጠልም ትሰጣለች» ብሎ ነው ያዘዘልኝ። እግሬን አሽላዋለች። ሦስት መሆናቸውን ያልነገርሁሽ እንዳታስቢ ብዬ ነው። ያ ሰው ደብዳቤዬን መገልበጡ ግን ምን ይባላል? ለአንች የጻፍሁት ከፊቱ ነው እንጂ ከጀርባው አይደለም።

ካነሣሽው አይቀር ዋናውን ልንገርሽ። ለንስሐ አባቴ ያልነገርሁትን ነው የምጽፍልሽ።

ታኅሣሥ 2015 የሄድሽ ዕለት ቤት አልነበርሁም። ስመለስ የቤቱ ቁልፍ ዙሀራ ጋ ተቀምጦ አገኘሁት። ያን ቀን የሰው ልጅ ለማጋባት ሽምግልና ተቀምጬ ነበር የመጣሁት፤ ገና ጋቢዬን አላወለቅሁም። ደጄ ላይ ቆሜ መሬቱ ላይ ምራቄን ተፋሁና እንዲህ አልሁ፦ «ለዚህች ልጅና ከማሕፀኗ ለሚወጣ ከአፌ ምርቃት ቢወጣ፣ አፌ ይድረቅ።» የሰማኝ የለም። እግዜር ግን ቆሞ ሰማኝ።

ጳጉሜን ላይ የመጀመሪያው ወጣብሽ። ዙሀራ ስትነግረኝ ወንበር ላይ ተቀመጥሁና እስኪመሽ አልተነሣሁም። ከማሕፀንሽ ለሚወጣ ብዬ አይደል የተናገርሁት? ኅዳር ላይ ሽማግሌዎቹ ይቅር በል ሲሉኝ ከልቤ ነው ይቅር ያልሁ። መረቅሁሽ፣ ግንባርሽ ላይ እንትፍ አልሁ። መሐላዬን በአፌ አፈረስሁ። ያ ወር ሳይወጣ አፌ መድረቅ ጀመረ። መጀመሪያ ትንሽ ነው፤ ከዚያ ባሰ፤ አሁን እንደምታውቂው ነው።

የክርስትናው ቀን ይሁን፣ የመጣው ይምጣ ብዬ ነው የመጣሁ። ልጅቱን ታቅፌ አፌን ስከፍት ምላሴ ከላንቃዬ አልላቀቅ አለ። አንዲት ጠብታ የለም። ደረቅ አፍ ይዤ፣ የተማለበት አፍ ይዤ፣ ሕፃን ላይ ልተነፍስ? በኔ የመጣው በኔ ይቅር፣ ወደ እሷ አይሻገር ብዬ ለሌላ ሰው ሰጠኋት። የደርቤ መኪና ላይ ወጥቼ አለቀስሁ። ዕንባዬም ደረቅ ነበር።

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ስንት ጊዜ ለሰው ተርቼዋለሁ! ሲተርቱት ይቀላል። አሁን ገባሽ? እንግዲህ አትለምኚኝ።

አባትሽ እንግዳው


ዛሪማ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባየ፣

እንዴት ነዎት እንኳ ብዬ መጀመር አቃተኝ። ደብዳቤዎን አንብቤ መጀመሪያ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው፣ በእርስዎ ተናድጄ አላውቅም፣ ተናደድኩብዎ። ያን ሁሉ ጊዜ ይህን ተሸክመው ብቻዎን?

ቃሉ ከሚጠፋ እኔ ልጥፋ ብለው ነው? ልጄስ? አባየ፣ ተረት ነው እኮ።

መጀመሪያ የወጣብኝን ልንገርዎ። ወባ ይዞኝ ነበር። እዚህ ቆላ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ወባው ሰውን ያጋድማል። ያከመችኝ ሴት ያኔውኑ ነግራኛለች። ለእርስዎ ያልነገርኩት «ሂጂ ያላት ማን ነው» እንዳይሉኝ ብዬ ነው። ምን ዓይነት አባትና ልጅ ነን?

ሁለተኛውን ያርጋል ነው ያገኘው። ደብዳቤዎን ካነበብኩለት በኋላ ተነሥቶ የእርስዎን ወረቀቶች አወጣና አንድ በአንድ ገለበጣቸው። በእርሳስ ሦስት ቦታ አሰመረ። ሦስቱም ወረቀት ላይ መድኃኒቱ ከሚያመጣው ጣጣ መካከል አፍ ማድረቅ አለበት። የእግርዎ መድኃኒት ወረቀት ላይማ ከመጀመሪያዎቹ ጣጣዎች አንዱ ሆኖ ነው የተጻፈው። አንዱ ብቻውን ያደርቃል፤ ሦስቱ ሲደራረቡ፣ ያውም በዕድሜ ለገፋ ሰው፣ ይብሳል። ዓይንም ያደርቃል ይላል። ዕንባዬ ደረቅ ነበር ያሉት ትዝ አለኝ።

ጎንደር የሄዱት መቼ ነው? ሽማግሌዎቹ በመጡ በሳምንቱ። መናኸሪያ ድረስ የሸኘሁዎት እኔ ነኝ፤ ስንቅ ብዬ የሰጠሁዎትን ቆሎ እያኘኩ ነው የተሳፈሩት። ያኔ አፍዎ ደኅና ነበር። ክኒኑን ይዘው ተመለሱ፣ አፍዎ ደረቀ። መሐላው የፈረሰው በኅዳር፣ ክኒኑም በዚያው ወር። እርስዎ የፈሩትን ብቻ ቆጠሩ።

ክኒኖቹን በሙሉ ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ለንስሐ አባትዎም ይንገሯቸው። ከዚያ ልጄን ይመርቁልኛል። ሌላ ሽማግሌ አልፈልግም።

ልጅዎ ወርቄ

(ከዳር፣ በሌላ እጅ ጽሕፈት፦ አባባ፣ እባክዎ ሐኪም ሳያይዎት አንዱንም መድኃኒት በራስዎ አያቋርጡ። አደጋ አለው። — ያርጋል)


ዛሪማ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባየ፣

ዙሀራ ደውላ «አይዞሽ፣ ተርፈዋል» አለችኝ። ከምን? ከምን እንደተረፉ ስጠይቃት «እሳቸው ይጻፉልሽ፣ ምላሷ አጥር የለውም ይሉኛል» ብላ ዘጋችው። ዛሬውኑ ልመጣ ስነሣ ሊድያ አተኮሳት፤ ጥርስ ሊሆን ይችላል አሉ። ያርጋል ልሂድ አለ፤ ቢያዩት ይከፋዎት እንደሆነ ብሎ ደግሞ ፈራ። በመስቀሉ ይዤዎታለሁ፣ ቢያንስ አንድ መስመር ይጻፉ።

ወርቄ


ደባርቅ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወርቄና ለልጄ ለያርጋል፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። የሕፃኗ ትኩሳት መብረዱን ደርቤ ነግሮኝ ደስ ብሎኛል። መልስ ያዘገየሁት ተኝቼ ስለከረምሁ ነው።

የሆነውን ልናገር። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ልቤ ዘለለ። ክኒን ነው፣ እግዜር አይደለም! ሦስቱንም አንሥቼ ምድጃ ውስጥ ጨመርኋቸው። አያቋርጡ የሚለውን መስመር አላየሁም አልልም፣ አይቼዋለሁ። ጽሕፈቱ የያርጋል መሆኑን አውቄ ዘለልሁት። ከዳር ሆኖ ሊያዝዘኝ ነው ብዬ። በአራተኛው ቀን ዙሀራ ሱቅ ደጃፍ ላይ ምድር ዞረብኝ። የሚቀጥለውን እሷ ናት የምታውቀው። ሱቋን ዘግታ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ፤ ግፊቴ ጣራ ነክቶ ነበር አሉ። ያርጋል፣ ይቅር በለኝ። ለመውደቄ ብቻ አይደለም የምልህ።

ያየችኝ ጤና ባለሙያ የአንች እኩያ ትሆናለች። ደግሜ ስሄድ ስንት ዓይነት መድኃኒት እንደምወስድ ስትጠይቀኝ ስማቸውን ከየት ላምጣው? «ወረቀታቸው የት አለ?» አለች። «ዛሪማ ነው፣ ልጄ ጋ፤ ደብዳቤ ጽፌባቸዋለሁ» አልኋት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሳቀች። ከዚያ ዙሀራ ደግማ ደወለችላችሁ፣ ያርጋልም በስልክ አነበበላት። የግፊቱን መለሰችልኝ። የማሳከኩን አስቀረችው፤ ከመጋዘን ከወጡ ወዲያ አቧራ የለም፣ ምን ያደርግልዎታል አለች። የእግሬን ቀነሰችው። ውሃ በትንሽ በትንሹ ይጎንጩ፣ ከረሜላ ይተዉ፣ አፍዎን በጨው ውሃ ይጉመጥመጡ፣ በራስዎ ሐኪም አይሁኑ አለችኝ። ማዞሩ እስኪተወኝ ድረስም መኪና እንዳልሳፈር ከለከለችኝ።

ለንስሐ አባቴም ተናዘዝሁ። መሐላውን ፈቱልኝ፣ ውሃውንም ፈቀዱልኝ። ዳዊት ድገም ብለው ቀኖና ሰጡኝና፣ ድምፄ ሲሰለብ ሰምተው «በሆድህ ድገም» አሉኝ። መሐላው ነው ወይስ ክኒኑ ብዬ ስጠይቃቸው መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ። እኔም እስከ አሁን በደንብ አልለየሁትም። ሐኪሟ ክኒኑ ነው ትላለች፤ እሷ ግን ያን ቀን ደጄ ላይ አልነበረችም። ግራ እንደተጋባሁ ልሞት ነው መሰለኝ። አንድ ነገር ግን አውቄያለሁ፤ የፈራሁት ለራሴ አልነበረም፣ ለሷ ነበር። እግዜር ይህን ካወቀ ይበቃኛል።

የፋሲካ ማግሥት ዙሀራ እንኳን አደረሰዎ ልትለኝ መጣች። ለዓሣ ያመጣችውን ሎሚ ስትቆርጥ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ጠረኑ ሲያገኘኝ ከምላሴ ሥር ትንሽ ነገር ረጠበ። አፌን ዘግቼ ቁጭ አልሁ። ዙሀራ «ምን ሆኑ?» ትለኛለች፣ እኔ እጄን አወዛውዛለሁ፤ ብናገር የምታልቅ መሰለኝ። በማግሥቱም ምራቄ እንዲሁ መጣች፣ ትንሽ ናት። ዛሬ ጧት ሎሚ ገዝቼ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥሁ።

እንግዲህ ይህን አንች ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላት፣ አማትሽም ትቁም፦

ሊድያ የወርቄ ልጅ፣ የያርጋል ልጅ፣ የእንግዳው የልጅ ልጅ። እደጊ፣ ተመንደጊ። ደጅሽ ሰው አይጣ፣ ጓሮሽ ውሃ አይጣ። ወባው አይንካሽ፣ ክፉ ቃል አይድረስብሽ። ከአያትሽ አፍ ወጥቶ የነበረ ክፉ ሁሉ ሊማሊሞን ሳይወርድ ይቅር። እናት አባትሽን ጡሪ። እስክታረጂ አፍሽ አይድረቅ።

የከፈታችሁትን ፖስታ ክዳኑን እንዳትጥሉት። ያርጋል በእጁ ይዞ፣ ሙጫ ያለበትን ፊቱን ግንባሯ ላይ ያሳርፍላት። ከዚያ እሱ እንትፍ ይበልላት፤ የኔን ጨምሮ ይበልልኝ፣ አፉ እርጥብ ነው። አንች አሜን በይ።

ሰም አልነካሁም፣ በምላሴ ነው ያሸግሁት። በግራ በኩል ጥጉ አልያዘም፤ እስከዚያ አልደረሰችልኝም።

አባታችሁ እንግዳው